ጋሩዋ

ሊማ ላይ ሰኔ ሲገባ ሰማዩ የአህያ ሆድ ነው፤
ግራጫ፣ ዝቅ ያለ፣ ሰው እጁን ቢሰድ የሚዳስሰው።
ፀሐይ የለ፣ ዝናብ የለ፣
በመሀል ግን አንድ እርጥብ ነገር አለ።
ካፊያ እንዳልለው፣ ካፊያ ቆርቆሮ ሲነካ ይሰማል፤
ጉም እንዳልለው፣ ጉም ያልፋል፤
ይኼኛው ግን ሳይመጣ ይቆያል፣ ሳይሄድም ይከርማል።
ጋሩዋ ይባላል።

የአውቶቡስ ረዳቱ ኤውሴቢዮ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ
«ግቡ፣ ግቡ፣ ጋሩዋ ነው!» ይላል ሳንቲሙን በመዳፉ አቃጭሎ።
ኦቲሊያ ዕዳዋን በሶል በሶል ስትከፍል
«የጋሩዋ ልጅ፣ ወርዳ ወርዳ ባልዲ የማትሞላ!» ባለሱቁ ይላል።
ተማሪ ሲያረፍድ፣ ጋሩዋ።
አሮጊት ጉልበቷን ሲቆረጥማት፣ ጋሩዋ።
ጨው ከብልቃጡ አልወርድ ሲል፣
የጊታር ክር ሲላላ፣ ክብሪት ተጭሮ ተጭሮ እምቢ ሲል፣
ባል ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ያልገባበት ሰበብ፣
ጋሩዋ።
ጃንጥላ ግን ማንም የለው።
ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ከታየ
«ከየት አገር ነው?» እያሉ ልጆች ይከተሉታል።

እናቴ ኔሊዳ ከኢኪቶስ ናት፣ ዝናብ ከሚያገሳበት፣
ወንዙ እንደ ዘመድ ደረጃ ወጥቶ ቤት ከሚገባበት።
አባቴ ፋውስቲኖ የሊማ ልጅ ነው፤ መነጽር ጠጋኝ።
መስታወቱ ላይ እርጥበት ባረፈ ቁጥር
«ዛሬስ ዝናብ አገኘኝ!»
ይላል። እሷ ትስቃለች።
«ዝናብ አልክ? አንተ ዝናብን መቼ አውቀኸው!
ዝናብ ማለት፣ ጎንህ የተኛው ሰው ሲጮህ የማትሰማው።
ያንተ እኮ እግዜር ሲያዛጋ የተረፈ ትንፋሽ ነው።»
አባቴ ይቀየማል።
የሚስት አገር ሲሰፋ፣ የባል ሰማይ ይጠባል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቃል ተጨቃጨቁ፤
እኔና ወንድሜ ሲሲኒዮ በመሀላቸው አደግን፣
ለእሷ «ጋሩዋ»፣ ለእሱ «ዝናብ» እያልን።

ጣሪያችን የሸንበቆ ምንጣፍና ካርቶን ነበር፤
በላዩ የተሰበረ ወንበር፣ ሁለት ዶሮ፣ የብስክሌት ጎማ።
ለማይዘንብ አገር ማን ቆርቆሮ ይገዛል?

ባሕሩ በሞቀበት መጋቢት፣ አንድ ሌሊት፣
ካርቶኑ ጠቅ አለ።
አባቴ ሳይነቃ ዞር ብሎ «ጋሩዋ ነው፣ ተኚ» አለ።
እሷ ግን ተቀምጣ ነበር።
ጠብታውን ትቆጥራለች፣ በጣቷ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፤
አንድ።
አንድ፣ ሁለት።
ከዚያ መቁጠር አቆመች።
«ፋውስቲኖ» አለች፣ «ይኼ የኔ ነው።»

የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዛ ዳገቱን ወጣች፤
ኳ! ኳ! ኳ!
ከየመስኮቱ ራስ ብቅ አለ፣
«ምን ሆነች ይቺ የጫካ ሴት? ጋሩዋ እኮ ነው!»
«ጋሩዋ አይደለም!»
«ታዲያ ምንድን ነው?»
ቃል አጣች እናቴ። ዝናብ ብትል፣
እነሱ ዝናብ የሚሉት የመነጽር እርጥበት ነው።
ስለዚህ ክዳኑን መታች፤ ማንኪያው እስኪጣመም መታች፤
ለመሳደብም ቢሆን ወጡ።

ኮረብታው ሲላቀቅ እንደ ነብር አልዘለለም፤
እንደ ላም፣ እያመነታ ነው የመጣ።
ስድስት ቤት ወሰደ። ሰው አልወሰደም።
የኦቲሊያን ዶሮዎች፣ የአባቴን የሌንስ ሣጥን ወሰደ፤
ለሳምንት ያህል ጭቃው ውስጥ እየተገለጡ
ያዩን ነበር፣ እንደ ዓሣ ዓይን።

ሰኔ ተመለሰ፤ የአህያውም ሆድ ተመለሰ።
አባቴ በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ
መዳፉን ዘረጋ፤ ብዙ ቆየ፤
«ጋሩዋ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣
ለፈተና እንደ ተጠራ ተማሪ።

እናቴ ልብስ ከገመድ እየሰበሰበች ነበር።
ሳትዞር፣
«ዝናብ ነው» አለችው፣ «ግባ እንጂ፣ ትበሰብሳለህ።»

የሲሲኒዮን ሸሚዝ ግን ረሳችው።
እስከ ሐሙስ አልደረቀም።